ከፎርማት በፊት ኢሜይሉ የት እንዳለ ይታወቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በባሕር ዳር ከተማ በኮምፒውተር ጥገና ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች ነን። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ መሥሪያ ቤቶች፣ ሆቴሎችና አስጎብኚዎች ኮምፒውተራቸውን እየቀየሩ ወይም ፎርማት እያስደረጉ ነው። መቀየሩ ተገቢ ነው። የሚያሳዝነው የዓመታት ኢሜይል ከአሮጌው ማሽን ጋር አብሮ መሄዱ ነው፤ ወደ ዘጌ ገዳማት ወይም ወደ ጢስ ዓባይ ለመሄድ እንግዶች የላኩት ማረጋገጫ፣ የቀብድ ደረሰኝ፣ ከውጭ ወኪል ጋር የተደረሰ የዋጋ ስምምነት፣ ፕሮፎርማ። ይህ ሁሉ ሊተርፍ የሚችል ነገር ነው። የሚጠፋው ፎርማቱ ከመጀመሩ በፊት «ኢሜይሉ የት ነው የተቀመጠው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለማይኖር ነው።

«ዳታው ባክአፕ ተደርጓል» ሲባል ብዙውን ጊዜ የተገለበጡት ዴስክቶፕ፣ ዶኩመንትስና ዳውንሎድስ ናቸው። እንደ አውትሉክና ተንደርበርድ ያሉ የኢሜይል ፕሮግራሞች ግን አብዛኛውን ነገር የሚያስቀምጡት በተጠቃሚው ስም ሥር ባለው «አፕዳታ» በተባለ የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ «ቪው» ገብተው የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ካላደረጉ በቀር መኖሩም አይታወቅም።

ቀድሞ መጣራት ያለበት አካውንቱ በፖፕ ነው ወይስ በአይማፕ የተሞላው የሚለው ነው፤ ሁለቱም ፕሮግራሙ ከሰርቨር (ከኢሜይል አገልግሎት ሰጪው ኮምፒውተር) መልእክት የሚያመጣባቸው መንገዶች ናቸው። አውትሉክ ላይ «ፋይል» ከዚያም «አካውንት ሴቲንግስ» ሲከፈት ከአድራሻው ጎን ዓይነቱ ተጽፎ ይገኛል፤ ተንደርበርድ ላይ ደግሞ «ሰርቨር ሴቲንግስ» የሚለው ገጽ ላይ ነው። አይማፕ ከሆነ ዋናው ቅጂ ሰርቨር ላይ ስለሆነ አዲሱ ፕሮግራም ላይ አካውንቱ ሲገባ መልእክቱ በራሱ ይወርዳል። ፖፕ ከሆነ ግን ፕሮግራሙ መልእክቱን ካወረደ በኋላ ከሰርቨሩ ሊሰርዘው ይችላል። የተላኩ መልእክቶችም በፖፕ አይመሳሰሉም፤ ከዚያ ኮምፒውተር የተላከው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይቀራል። እርግጠኛ ለመሆን ከሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር በብሮውዘር ገብቶ የቆየ፣ በተለይም የተላከ መልእክት መፈለግ ነው። ከሌለ ያ አሮጌ ማሽን ብቸኛው ማኅደር ነውና ማንም እንዳይነካው።

አይማፕ ነው ተብሎም መዘናጋት አይገባም። አውትሉክ «ኦቶ አርካይቭ» የሚባል ነገር አለው፤ ከበራ የቆዩ መልእክቶችን ከሰርቨሩ አንሥቶ ኮምፒውተሩ ላይ ወዳለ «አርካይቭ» የተባለ የፒኤስቲ ፋይል ይወስዳቸዋል። ተጠቃሚው በግራ በኩል «አርካይቭስ» የሚል ፎልደር እያየ የቆየውን ሁሉ ያገኛል፣ ሰርቨሩ ላይ ግን የለም። ኮምፒውተሩ ፎርማት ሲደረግ የሚጠፋው በትክክል ይህ ነው።

ፒኤስቲ እና ኦኤስቲ የሚባሉት ሁለት የአውትሉክ ፋይሎች በስም ቢቀራረቡም በሥራ ይለያያሉ። ፒኤስቲ ራሱን የቻለ ማኅደር ነው፤ ተገልብጦ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ባለ አውትሉክ ይከፈታል። ኦኤስቲ ግን ከአንድ አካውንትና ከአንድ ፕሮፋይል ጋር የታሰረ ጊዜያዊ ግልባጭ ነው። ፍላሽ ላይ ቢገለበጥ እንኳ አዲሱ ማሽን ላይ እንደ ማኅደር አይከፈትም። 8 ጊጋባይት ኦኤስቲ ገልብጦ «ተረፈ» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ኦኤስቲ ብቻ ካለ፣ አሮጌው አውትሉክ ገና እየከፈተ ሳለ ወደ ፒኤስቲ ማውጣት ያስፈልጋል፦ «ፋይል»፣ «ኦፕን ኤንድ ኤክስፖርት»፣ «ኢምፖርት ኤክስፖርት»፣ «ኤክስፖርት ቱ ኤ ፋይል»፣ ከዚያ «አውትሉክ ዳታ ፋይል»። ምርጫው ሲመጣ «ኢንቦክስ»ን ሳይሆን ከሁሉ በላይ ያለውን የአካውንቱን ስም ይምረጡ፤ ንዑስ ፎልደሮችን ይጨምር የሚለውም ላይ ምልክት ይደረግ። መጨረሻ ላይ የሚጠይቀው የይለፍ ቃል ግዴታ አይደለም። ቢረሳ ፋይሉ ስለማይከፈት ባዶውን ቢታለፍ እንመርጣለን።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የኤክስቼንጅና የማይክሮሶፍት 365 (የማይክሮሶፍት የድርጅት ኢሜይል) አካውንቶች ኮምፒውተሩ ላይ የሚይዙት የተወሰነ ዘመን መልእክት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት። ኤክስፖርቱም የሚያወጣው የወረደውን ያህል ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በአካውንቱ ሴቲንግ ውስጥ ያለውን የጊዜ ማንሸራተቻ «ኦል» ላይ አድርጎ፣ ሁሉም ወርዶ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው።

ፒኤስቲው ሲገለበጥ አውትሉክ ዝግ ይሁን። ፍላሹ ሰፊ ቦታ እያለው «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ካለ ችግሩ የፍላሹ ፎርማት፣ ማለትም የፋይል አያያዝ ዓይነቱ፣ ነው። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹን ባዶ አድርጎ በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ማድረግ ይፈታዋል። የአውትሉክ 2002ና ከዚያ በፊት የነበረው የፒኤስቲ ዓይነት ደግሞ ጣሪያው 2 ጊጋባይት ነው፤ ወደዚያ የተጠጋ ፋይል የመበላሸት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። እንዲህ ያለውን «ስካን ፒኤስቲ» በተባለው የአውትሉክ መጠገኛ ማስተካከል ይሞከራል፤ ግን በግልባጩ ላይ እንጂ በዋናው ላይ አይደለም።

ወደ ተንደርበርድ ለሚዛወር ሰው፣ ተንደርበርድ ከአውትሉክ የሚያስገባው ሁለቱም አንድ ኮምፒውተር ላይ ተጭነው፣ አውትሉክ ዋና የኢሜይል ፕሮግራም ሆኖ ሲመረጥ ነው። ሁለቱም 32 ቢት ወይም ሁለቱም 64 ቢት ካልሆኑ ማስገባቱ አይሳካም። ስለዚህ ተንደርበርድን አሮጌው ማሽን ላይ ጭኖ፣ እዚያው «ቱልስ» ውስጥ ባለው «ኢምፖርት» አስገብቶ፣ ከዚያ የተንደርበርድን ፎልደር ወደ አዲሱ መውሰድ ይቀላል። አሮጌው ዊንዶውስ 7 ከሆነ የሚሠራለት የመጨረሻው ተንደርበርድ 115 ነው። በሌላ በኩል አንድን ፕሮፋይል (የተጠቃሚውን መልእክትና ሴቲንግ የያዘውን ፎልደር) በአዲስ ተንደርበርድ ከከፈቱት በኋላ ወደ ቀድሞው መመለስ አይቻልም፤ አሮጌው ፕሮግራም አልከፍትም ይላል።

ፕሮፋይሉን ለማግኘት «ሄልፕ»፣ «ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን»፣ ከ«ፕሮፋይል ፎልደር» ጎን «ኦፕን ፎልደር»። ተንደርበርድን ዘግቶ፣ በአፕዳታ «ሮሚንግ» ውስጥ ያለውን «ተንደርበርድ» የሚል ፎልደር በሙሉ መገልበጥና አዲሱ ማሽን ላይ ፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመከፈቱ በፊት በዚያው ቦታ ማስቀመጥ ነው። ራሱ ተንደርበርድ «ቱልስ» ውስጥ ኤክስፖርት አለው፤ ነገር ግን ፕሮፋይሉ ከ2 ጊጋባይት ካለፈ አንድ የታመቀ ፋይል አድርጎ አያወጣውም። መርጦ ለሚገለብጥ ሰው ማስጠንቀቂያ፦ መልእክቶቹ ያሉት ቅጥያ በሌላቸው «ኢንቦክስ»፣ «ሴንት» በሚባሉ ትላልቅ ፋይሎች ውስጥ ነው። ከጎናቸው ኤምኤስኤፍ ቅጥያ ያላቸው ትናንሾቹ ማውጫ ብቻ ናቸው፤ ቢጠፉ ፕሮግራሙ እንደገና ይሠራቸዋል። እነሱን ብቻ ወስዶ ዋናውን መተው ማለት መጽሐፉን ትቶ የርእስ ማውጫውን መያዝ ነው።

ፒኤስቲን ወደ ጂሜይል ማስገባት የሚፈልጉ ደግሞ አይማፕን እንደ ድልድይ ይጠቀማሉ፤ ፒኤስቲውም የጂሜይል አካውንቱም አውትሉክ ላይ ተከፍተው ባሉበት መልእክቶቹን በቀኝ ማውስ ጎትቶ «ኮፒ» ማለት። «ሙቭ» አይባል፤ መሀል ላይ ኔትዎርክ ከተቆረጠ የተወሰነው ከሁለቱም ሊጠፋ ይችላል። በጥቂት መቶ መልእክት ከፋፍሎ መሥራት ይሻላል። ጎግል ለድርጅት አካውንቶች በአይማፕ ወደ ላይ የሚጫነውን በቀን 500 ሜጋባይት ላይ ይወስነዋል፤ ሥራው ቀናት ሊወስድ እንደሚችል አስቀድሞ ለባለጉዳዩ መነገር አለበት። የጂሜይል ነፃ ቦታም ከድራይቭና ከፎቶ ጋር የሚካፈለው 15 ጊጋባይት ነው።

የአማርኛ ስሞች ጉዳይ ለብቻው ትኩረት ይሻል። የአድራሻ መዝገብን ከአውትሉክ በሲኤስቪ (ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ ፋይል) ስናወጣ ፕሮግራሙ የዊንዶውስን የቆየ የፊደል ሠንጠረዥ ይጠቀማል፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ እዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ የለውም። ውጤቱ «????» ነው። ይህ የፎንት ችግር አይደለም። ፊደሉ ከፋይሉ ውስጥ ጠፍቷል፤ ምንም ፎንት ቢጫን አይመለስም። በአንጻሩ ስሙ ጭረትና ነጥብ በተጨመረባቸው የላቲን ፊደላት ተዘበራርቆ ከታየ ዳታው አለ ማለት ነው፤ ኤክሴል አከፋፈቱን ተሳስቶ ነው። ፋይሉን በኤክሴል «ዳታ» በኩል ዩቲኤፍ-8 (የግዕዝንም ፊደል የሚይዝ የፊደል ሠንጠረዥ) ብሎ በማስገባት ይስተካከላል። እናም ሲኤስቪው እንደወጣ በኖትፓድ ከፍቶ አንድ በአማርኛ የተጻፈ ስም ማየት፤ የጥያቄ ምልክት ከሆነ አሮጌውን አለመንካት። የቆዩ አባሪዎችም እንዲሁ ናቸው። በቀድሞው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የዎርድ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ማሽን የላቲን ፊደል ትርምስ ሆኖ ይታያል። ከአሮጌው ዊንዶውስ የ«ፎንትስ» ፎልደር ውስጥ እነዚያን ፎንቶች አብሮ መውሰድ ይገባል።

የይለፍ ቃል ሌላው እንቅፋት ነው። ጂሜይል፣ እንዲሁም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ አውትሉክ ዶት ኮም፣ የተለመደውን የይለፍ ቃል ብቻ የሚልክ ፕሮግራም አያስገቡም። አዲሱ ፕሮግራም የመግቢያ መስኮት ይከፍታል፣ ኮድም ወደ ስልክ ይላካል። ስልኩ ከሥራ በለቀቀ ሠራተኛ እጅ ከሆነስ? አሮጌው ኮምፒውተር ገብቶ የሚሠራ ብቸኛው ቦታ ሊሆን ይችላል። ከፎርማቱ በፊት፣ ገና ገብቶ እያለ፣ የመልሶ ማግኛ ስልኩንና አድራሻውን በድርጅቱ ስም ወዳለ ቁጥር መቀየር ግድ ነው።

ዝውውሩ ሲያልቅ ተንደርበርድ ላይ «ሲንክሮናይዜሽን ኤንድ ስቶሬጅ» ገብቶ መልእክቶቹ ኮምፒውተሩ ላይም እንዲቀመጡ ማድረግን አጥብቀን እንመክራለን። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሰርቨር ላይ ብቻ ያለ መልእክት ለብዙዎች ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ታይቷል። ፎልደር «ኮምፓክት» ሲደረግ (የተሰረዙ መልእክቶች የያዙት ቦታ ሲለቀቅ) ወይም ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ መብራት ቢጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ላፕቶፕ ካልሆነ ያለ ዩፒኤስ አይጀመር።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን የምንጠይቀው ኮምፒውተር ለጥገና ሲያስረክቡ የርክክብ ወረቀቱ ላይ የኢሜይል ፕሮግራሙ ስም፣ ፖፕ ወይም አይማፕ መሆኑና የፎልደሮቹ የመልእክት ብዛት እንዲጻፍ ነው። ሲረከቡም አዲሱ ላይ ያንኑ ብዛት ያመሳክሩ፤ ከየፎልደሩ አንድ የቆየ መልእክት ከነአባሪው ይክፈቱ። አሮጌው ዲስክ ቢያንስ ለአንድ ወር ተለይቶ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ ሲሸጥ ወይም ለሌላ ክፍል ሲሰጥ በሙሉ ይጸዳ፤ ፕሮፋይሉ ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች አሉና።

ከሰላምታ ጋር
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎች፣ ባሕር ዳር