የአዲስ ቤት የመብራት ግምት ከምጣዱ ይጀመር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የአዲስ ቤት የዓመት ፍጆታ ሲገመት ሁሉም አምፖል ይቆጥራል። አዲስ አበባ ላይ ግን ዋናው ሒሳብ ምጣዱና ቦይለሩ ነው። ባለ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ በሳምንት ሁለቴ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ እስኪግል የሚወስደውን ጨምሮ 2 ሰዓት ቢሠራ፣ በዓመት 728 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 58 ዲግሪ ማሞቅ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በየቀኑ ከሆነ ዓመቱን 850 ገደማ፣ ያውም ከቦይለሩ የሚባክነው ሙቀት ሳይደመር። ስምንት ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖሎች በቀን 5 ሰዓት ቢበሩ? 131 ብቻ!

ፍሪጅ ላይ ደግሞ የተጻፈውን ዋት በ24 ሰዓት ማባዛት ስህተት ነው፤ ሞተሩ እየበራ እየጠፋ ነው የሚሠራው። አሁን ባሉበት ቤት ሶኬቱ ላይ መለኪያ ሰክቶ ሳምንት ማንበብ ይሻላል።

ቦይለሩን በፀሐይ ማሞቂያ ለመተካት ያሰበ የሙቅ ውሃ ቧንቧውን ግድግዳው ሳይለሰን እስከ ጣሪያ ያውጣ።