የዳኞች ፈተና ወረቀት ላይ አይቅር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ቅርጫት ኳስ ዳኝነት በተጻፈ ቁጥር «ዳኛው ደካማ ነበር» ይባልና ይታለፋል። ሕጉን ማወቁን ማን ፈተነው? በምን ፈተነው? ይህን የሚጠይቅ አላየሁም። ፊሽካዬን ሰቅዬ ጀማሪዎችን ማሠልጠን ከያዝኩ ወዲህ ነገሩ እጅግ ያሳስበኛል።

ኳስ የያዘው ቡድን ተጫዋች ፋውል ቢሠራ፣ የቡድኑ ፋውል ከአራት ቢያልፍም ተጋጣሚው ነፃ ውርወራ አያገኝም። ይህን «እውነት ወይስ ሐሰት» ብዬ በወረቀት ስጠይቅ ክፍሉ በሙሉ ይመልሳል። ሜዳ ላይ ግን አጥቂው ቦታውን ይዞ የቆመውን ተከላካይ ደረቱ ላይ ሲገጨው፣ ያው ሠልጣኝ ፊሽካውን በትክክል ይነፋል፤ ቀና ሲል ጠረጴዛው ላይ የቆመችውን ቀይ ምልክት ያያል፤ ወዲያው ነፃ ውርወራ ይሰጣል። ምልክቷ የምትናገረው የቡድኑ ፋውል አራት መሙላቱን እንጂ ፋውሉን አጥቂ ይሥራው ተከላካይ አይደለም።

ስህተቱ በዚህ አያበቃም። ያለአግባብ የተሰጠ ነፃ ውርወራ በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) ሕግ ሊታረም ይችላል፤ ነገር ግን ሰዓቱ ከቀጠለ በኋላ ጨዋታው መጀመሪያ ተቋርጦ ኳሱ እንደገና ለጨዋታ ከመዋሉ በፊት መታወቅ አለበት። ካለፈ አለፈ፤ የገባው ነጥብ ይጸናል። አሠልጣኞች እየጮኹ ይህን ረጋ ብሎ የሚያስታውስ ዳኛ የሚገኘው በቪዲዮና በሜዳ ላይ ሲፈተን ነው።

ነጥብና ሰዓት የሚይዙት የጠረጴዛ ዳኞችም ለፈተናው አብረው ይቀመጡ። ተከላካዩ በራሱ ግማሽ ሜዳ ፋውል ሠርቶ ኳሱ ከጎን ሲገባ፣ የማጥቂያው ሰዓት (አጥቂው ቡድን ወደ ቅርጫት እስኪወረውር የሚቆጠርበት) 14 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ እንዳለ ይቀጥላል፤ 13 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ወደ 14 ይመለሳል። ሰዓቱን ሁልጊዜ ወደ 24 የሚመልስ ሰው ጨዋታ ያበላሻል።

ነባሮቹ ዳኞችስ? በሩጫ ላይ ኳስ ሲያዝ መሬት የነካው እግር እንደ እርምጃ እንዳይቆጠር የተደነገገው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም በድሮው ቆጠራ «ትራቭሊንግ» (ኳስ ይዞ ከተፈቀደው በላይ መራመድ) ብለው የሚነፉ አሉ፤ ልምድ ከፈተና ነፃ ሊያወጣቸው አይገባም።

የዳኞች ኮሚቴዎችን የምለምነው ሌላም ነገር አለ። ተፈታኙ «አልፈሃል» ወይም «ወድቀሃል» ብቻ ተብሎ አይሸኝ፤ የሳተውን እያንዳንዱን ጥያቄ ከሕጉ አንቀጽ ጋር በእጁ ስጡት።

ከአንድ የዳኞች አሠልጣኝ