ከእማዬ ማዕድ ላልራቃችሁ

ወዳጆቼ፣ የሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤቶቻችን፣ በስልክም በጸሎትም ያልተለያችሁን ሁሉ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ትናንት ከክሊኒኩ ተደወለ። እማዬ ሄፓታይተስ ሲ ለሚባለው የጉበት ቫይረስ የታዘዘላትን መድኃኒት ከጨረሰች ከ12 ሳምንት በኋላ በተወሰደው ደም ውስጥ ቫይረሱ አልተገኘም። እማዬ ድናለች! ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁት የኩላሊቷን ነገር ብቻ ነው። ጥር ላይ እጥበት ልትጀምር ስትል፣ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲ እና ለኤችአይቪ ተመረመረች። ሲ ተገኘባት። እሷ የመረጠችው ቤት ውስጥ በሆድ የሚደረገውን እጥበት ነው፤ በቀን 4 ጊዜ 2 ሊትር ያህል ፈሳሽ በቱቦ ወደ ሆዷ ይገባል፣ ለሰዓታት ይቆይና ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። ደማቸው ከሰውነታቸው ስለማይወጣ፣ እንዲህ የሚታጠቡ ሰዎች በሄፓታይተስ ሲ የሚያዙት በደም ማሽን ከሚታጠቡት ባነሰ ቁጥር ነው። ታዲያ ከየት መጣ? ዶክተሩ የድሮውን ሲጠይቃት፣ እኔን ስትወልድ ደም እንደተሰጣት ነገረችው። ያኔ 1978 ዓ.ም. ነው። ቫይረሱ ተለይቶ የታወቀው በ1989 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ያን ደም የሚመረምር አልነበረም። እርግጠኛ መሆን አይቻልም አለን፤ ግን ጉበት ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ 20፣ 30 ዓመት፣ ከዚያም በላይ መቀመጥ ይችላል። መኪና ውስጥ ገብተን አንገቴን ደፋሁ። እጄን ይዛ «አንተን አግኝቼበታለሁ» አለችኝ።

ቤት ስንገባ ሲኒዋን ለየች። እጀታዋ ላይ ቀይ ክር አሰረችባት። የልጅ ልጆቿን ማጉረስ አቆመች፤ ከበሽታው ይልቅ እኔን ያመመኝ ይሄ ነው።

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እማዬ የእጥበቱን ፈሳሽ ከረጢት ስትቀይር ማስክ ማድረግን፣ መስኮት መዝጋትን፣ የወጣውን ፈሳሽ በጓንት ይዘን ሽንት ቤት መድፋትን ሰልችቶሽ ሳይታይ አስተማርሽን። ምላጭ፣ ጥፍር መቁረጫና የጥርስ ብሩሽ ለብቻ፤ ሰሃንና ብርጭቆ ግን አብሮ መጠቀም ይቻላል ያልሽው ቤታችንን መለሰልን። በስልክ ያስተረጎሙልን እናትም፣ ስምዎን አላውቅም፤ እማዬ ስታለቅስ ዝም ብለው ጠብቀው «አይዞዎት እናቴ፣ ይሄኛው በኪኒን ይድናል» ያሉት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

ፈርተው የራቁን አሉ፤ አልቀየምኳቸውም። የፎቁ እትዬ ግን እሑድ ዶሮ ይዘው ከች አሉ፤ በሆድ የሚታጠብ ሰው ፕሮቲኑ ከፈሳሹ ጋር ስለሚወጣበት ሥጋና እንቁላል እንደሚያስፈልገው ሰምተው፣ ጨው ቀንሰው የሠሩት ነው። እማዬ ሰሃኗን ልትለይ ስትነሳ ቀሚሷን ይዘው አስቀመጧት። «በይ አጉርሺኝ» አሉ። እጇ እየተንቀጠቀጠ አጎረሰቻቸው። ሁለተኛ ጠየቁ፤ ሦስተኛም። እትዬ፣ ይህን ውለታዎን በምን እንደምከፍለው አላውቅም።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሄዳችሁ ስለተመረመራችሁም አመሰግናለሁ። ለሲ ክትባት የለውም። ለቢ አለ፤ የኩላሊት ታማሚ ሰውነት ለክትባት ቶሎ ስለማይመልስ፣ ለእማዬ መጠኑ እጥፍ ሆኖ በ6 ወር 4 ጊዜ ተወጋች። እጥበቱ እንደሆነ ይቀጥላል።

ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አለ፣ ኑልን። ቀይ ክር ያላት ሲኒ ዛሬ ጠዋት ክሯ ተፈትቶ ከሌሎቹ ጋር ረከቦቱ ላይ ተቀምጣለች።