የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከሚኒሶታ ሜዳ እስከ አየርላንድ ጎጥ

ክበባችን በዘንድሮው የትምህርት ዘመን የሠራው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በ1870ዎቹ መጨረሻ ከአየርላንድ መጥቶ በምዕራብ ሚኒሶታ የሣር ሜዳ ላይ እርሻ የጀመረ አንድ ገበሬ የተወለደበትን ቦታ ፈልጎ ማግኘት ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጥያቄውን ያቀረቡልን የቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ቤታችን ጎረቤትና የገበሬው ዘር የሆኑ አዛውንት ሲሆኑ፣ ተማሪዎቹ «እማማ» ስለሚሏቸው እኔም እዚህ እንዲሁ እላቸዋለሁ።

ገበሬው የሰፈረበት ክሎንታርፍ በስዊፍት ካውንቲ ይገኛል። ኋላ የሴንት ፖል ሊቀ ጳጳስ የሆኑት ጆን አየርላንድ በ1876 የካቶሊክ የሰፈራ ቢሮ አቋቁመው፣ ከምድር ባቡር ኩባንያ ጋር ተዋውለው ወገኖቻቸውን ካሰፈሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ጳጳሱ ራሳቸው በአየርላንዷ ኪልኬኒ ተወልደው በታላቁ ረሃብ ዘመን በልጅነታቸው የተሰደዱ ነበሩ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በእኔ ስህተት ባከኑ። በ1862 የወጣው ሕግ አምስት ዓመት ኖሮ ላረሰ ሰው 160 ኤከር የመንግሥት መሬት ይሰጥ ነበርና፣ የቤቱን ስፋትና የታረሰውን መሬት ምስክሮች የሚዘረዝሩበት ፋይል ይኖራል ብዬ ተማሪዎቹን አሰማራኋቸው፤ ፋይል ግን አልነበረም። በመጨረሻ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ካርታውን አተኩራ አየችና «መምህር፣ የሴክሽኑ ቁጥር እኮ ጎዶሎ ነው» አለችኝ። ታውንሺፕ የሚባለው እያንዳንዱ የመሬት ቅየሳ ክፍል አንድ ካሬ ማይል በሆኑ 36 ሴክሽኖች ይከፈላል፤ በባቡር መስመሩ ግራና ቀኝ ካሉት ጎዶሎ ቁጥር የያዙትን መንግሥት ለባቡር ኩባንያዎች ሰጥቷቸው ነበር። ሰውየው መሬቱን የገዛው ከኩባንያው ነውና ስሙን በካውንቲው የመሬት ውል መዝገብ ውስጥ አገኘነው።

የ1880 የሕዝብ ቆጠራ ስለ ትውልድ ቦታው «አየርላንድ» ከማለት አያልፍም። የ1890ው በ1921 በደረሰ ቃጠሎ ምክንያት አብዛኛው ጠፍቷል፤ ክፍተቱን የሞሉልን ሚኒሶታ በ1885 እና በ1895 ለብቻዋ ያካሄደቻቸው ቆጠራዎች ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ የልጆቹን ዕድሜ እንጂ የአባትየውን አጥቢያ አልነገሩንም።

መልሱ የተገኘው በግንቦት ወር፣ ወላጆች በመኪኖቻቸው ወስደውን በጎበኘነው የመቃብር ቦታ ነው። የገበሬው ሐውልት ከስምና ከዓመት በቀር አንዳች አልያዘም፤ አጠገቡ ያረፈው የወንድሙ ድንጋይ ግን የድንጋይ ሽበት ለብሶ ከሥሩ ሁለት መስመር ጽሑፍ ነበረው። ድንጋዩን ላለመጉዳት በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ አጸዳነው፤ አንዱ ልጅ የፀሐዩን ብርሃን በመስተዋት ከጎን ሲያበራበት የካውንቲውና የአጥቢያው ስም ፊደል በፊደል ብቅ አለ።

የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የካቶሊክ አጥቢያዎችን የክርስትና መዛግብት ከ2015 ጀምሮ በኢንተርኔት በነፃ ስለሚያሳይ ቀሪው ሥራ ቀላል መስሎን ነበር። ሆኖም ካህናቱ ስሞችን የጻፉት በላቲን ነው፤ ተማሪዎቹ የገበሬውን ስም «ጄምስ»ን ፈልገው አጡት። በሰንበት ትምህርት ቤት የምትዘምር አንዲት ልጅ «ያኮቡስ» የሚለውን ጮክ ብላ ስታነበው «ያዕቆብ ነው!» አለች፤ ጄምስም እሱው ነበር። ከመዝገቡ የአባቱን ስም ይዘን፣ የአየርላንድን መሬት ከነያዦቹ የሚዘረዝረውን፣ ከ1847 እስከ 1864 የታተመውን የግሪፊዝን የመሬት ግምት ብንመለከት፣ አባትየው አየርላንዶች ታውንላንድ በሚሉት፣ እኛ ጎጥ ብንለው በማንሳሳትበት ቦታ፣ ልጁ ኋላ ሚኒሶታ ላይ ከገዛው አንድ አሥረኛ የማይሞላ መሬት ከባለርስት ተከራይቶ ያርስ እንደነበር ተረዳን። ከዚያ ወደ ኋላ አልዘለቅንም፤ ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት ቆጠራዎች ከጥቂት ቅሪት በስተቀር በ1922 ደብሊን ውስጥ ተቃጥለዋል።

ሰኔ ላይ የዘር ሐረጉን በትልቅ ወረቀት ነድፈን ለእማማ አስረከብን። የጎጡን ስም ደጋግመው ካነበቡ በኋላ ጣታቸውን ከገበሬው ስም ጎን ባለው ባዶ ቦታ ላይ አሳርፈው «ሚስቱስ?» አሉን። ስለ እሷ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍንም ነበር።