ደብዳቤ ለልጄ፦ መጀመሪያ የልጆቹን ቁጥር ጠይቂ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ? ሚጣስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝውውርሽ ተሳክቶ ጎንደር ልትገቡ ነው ካልሽን ወዲህ እናትሽ እንቅልፍ የላትም። የሚጣን አልጋ ካሁኑ አንጥፋ ጨርሳለች።

ለሚጣ ኬጂ እይልኝ ባልሽው መሠረት ፒያሳም፣ ማራኪም፣ አዘዞም ዞሬያለሁ። በስልክ እየተቆራረጠ ከማወራሽ ብጽፍልሽ ይሻላል ብዬ ነው። ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ጓደኛሽ ያወራችልሽን ትምህርት ቤት አስቀድሜ አየሁት። ግቢው ያምራል። በየክፍሉ ትልቅ ቲቪ ተሰቅሏል፤ ታብሌትም አለን አሉኝ። ዳይሬክተሯ ሰው አክባሪ ናት፤ ገብተው ይዩ አለችኝ። ልጆቹን ቆጠርኳቸው፤ 46 ናቸው። አንዲት መምህርት፣ አንዲት ሞግዚት። ቲቪው ላይ የእንግሊዝኛ የኤቢሲዲ መዝሙር ይሄዳል። ፊት ያሉት አብረው ይዘምራሉ። ጥጉ ጋ አንድ ልጅ ደብተሩን ወደ ላይ ይዞ «ሚስ፣ ሚስ፣ ጨረስኩ!» ይላል። ጠጋ ብዬ ሳየው «ገ»ን ወደ ኋላ አዙሮ አንድ ገጽ ሙሉ ደርድሯታል። መምህርቷ የምታለቅስ ልጅ ታባብላለች። ሞግዚቷ ሌሎቹን ሽንት ቤት ወስዳለች። ልጁ እጁ ሲደክመው በሌላኛው እጁ ደገፈው። መዝሙሩ አልቆ ሌላ ሲጀምር ደብተሩን ቦርሳው ውስጥ ከተተው። የተገለበጠችውን «ገ» ማንም አላየለትም።

መምህርቷን አልወቅስም። እኔም የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ 60 እና 70 ተማሪ ይዤ አስተምሬያለሁ። የእኔዎቹ ግን ትልልቆች ነበሩ፤ ራሳቸው ያነባሉ፣ ራሳቸው ይገለብጣሉ። የአራት ዓመት ልጅ ጫማውን እንኳ ሰው ነው የሚያስርለት። እንዲህ ዓይነት ክፍል ውስጥ ቲቪው ባይከፈት ነበር የሚገርመኝ። ለዚህ ነው የልጆቹን ቁጥርና የስክሪኑን ሰዓት ነጣጥለሽ አትዪው የምልሽ። ክፍሉ ሲጨናነቅ መምህርቷ መተንፈሻ ትፈልጋለች፤ ያኔ ቲቪው ሞግዚት ይሆናል።

እስቲ አብረን እናስላው። መክሰሱና የውጭ ጨዋታው ወጥቶ ለክፍል ሥራ ሦስት ሰዓት ተረፈ እንበል። ይኼ 180 ደቂቃ ነው። ለ46 ልጅ ሲካፈል ለእያንዳንዱ አራት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ለ20 ልጅ ከሆነ ግን ዘጠኝ ደቂቃ ይደርሰዋል። ፊደላችን ደግሞ ከነርባታው 231 ነው። እጅ ይዞ «ከዚህ ጀምሪ» የሚል ሰው ይፈልጋል።

ይኼ የእኔ የሽማግሌ ግምት ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ቴነሲ በምትባል ግዛት፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1985 ጀምሮ ልጆችን በዕጣ እየመደቡ ለአራት ዓመት ሞክረውታል። ከኬጂ እስከ 3ኛ ክፍል ነው። አንዱ ክፍል ከ13 እስከ 17 ልጅ ይይዛል፣ ሌላው ከ22 እስከ 25። በትንሹ ክፍል የተማሩት በንባብም በሒሳብም በለጡ። ይበልጥ የተጠቀሙት ደግሞ የድሃ ልጆችና ጥቁሮቹ ናቸው። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ትልቁ ክፍል ውስጥ ረዳት ቢጨመርም ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ «ሞግዚት አለን» ሲሉሽ ልብሽ አይረፍ፤ ልጆቹ ስንት ናቸው በዪ። እነሱ ትልቅ ያሉት 25 መሆኑንም ልብ በይ። እኛ ጋ 25 ካገኘሽ እሰየው ነው።

ስለ ስክሪኑ የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ በ2019 ያወጣው መመሪያ አለ። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለ ልጅ ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየት በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ይላል። ይኼ ሰዓት የቤቱንም የትምህርት ቤቱንም ይጨምራል። ትምህርት ቤቱ ከጨረሰው ማታ የምትከፍቺላት ካርቱን ትርፍ ሆነ ማለት ነው። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ ሦስት ሰዓት ሰውነቱን ያንቀሳቅስ ይላል ደግሞ። ስለዚህ ግቢውንም እዪ። መሮጫ የሌለው ኬጂ ሞልቷል።

«እንግሊዝኛውስ?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ፓትሪሺያ ኩል የተባሉ ተመራማሪ እንደ ፈረንጆቹ በ2003 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጥናት አለ። የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ቻይንኛ ከሚናገር ሰው ጋር ሲጫወቱ የቋንቋውን ድምፅ መለየት ቻሉ። ያንኑ በቪዲዮ ያዩት ግን ምንም አልያዙም። ሚጣ ከእነሱ ትልቅ ናት፣ ከቪዲዮም አንዳንድ ቃል ትለቅማለች። ቢሆንም የምትመልስላት፣ የምታርማት ሰው ካልኖረች ቃሉ እንደ በቀቀን አፏ ላይ ይቀራል።

እኔ የኔታ ዘንድ ፊደል ስቆጥር ልጅ ይበዛ ነበር። ግን እያንዳንዳችን ስንደዶ ይዘን ፊደሉን እየነካን ለአንድ ሰው እንል ነበር፤ ወይ ለራሳቸው ለየኔታ፣ ወይ ዳዊት ለደገመ ትልቅ ልጅ። ሳይሰማ የሚውል አልነበረም። እዚህ አገር ለዘመናት ልጅ ፊደል የቆጠረው እንደዚያ ነው፤ ከእነ አርጩሜው ይመለስ ማለቴ ግን አይደለም።

አዘዞ ያየሁት ጥሩ ነው፣ ክፍሉ 24 ልጅ ነው። ግን ሰርቪሱ በሌሊት ነው የሚነሳው። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋታል፤ ልጅቷን ከእንቅልፏ እየጎተትን አንልካትም።

ልቤ የወደደው ማራኪ ያለውን ነው። ሕንፃው አሮጌ ነው፣ ቀለሙም ለቋል። 22 ልጅ፣ አንዲት መምህርት፣ አንዲት ረዳት። ቲቪ ቢሮ ውስጥ አንድ አላቸው፤ ዓርብ ዓርብ ለግማሽ ሰዓት ያወጡታል። መምህርቷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ በጭቃ «መ»ን ከሚሠሩ ልጆች ጋር ታወራለች። ስገባ እንኳ ቀና አላለችም። የሁሉንም ስም ታውቃለች። አንዱን «ዛሬ ምነው ዝም አልክ? ቁርስ በላህ?» ስትለው ሰማኋት። ለእኔ ከዚያ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም። መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ ብዬ ብጠይቃት ጥያቄው ራሱ አልገባትም።

ክፍያው ከዚያኛው ከፍ ይላል። ልዩነቱን እኔና እናትሽ እንችለዋለን፤ በዚህ እንዳትከራከሪኝ። አንድ ነገር ብቻ አስጽፈሽ ያዢ፤ በዓመቱ አጋማሽ ልጅ ጨምረው ክፍሉን እንዳይሞሉት። ብዙ ትምህርት ቤት መስከረም ላይ 22 ብሎ ጥር ላይ 35 ያደርገዋል። ጠይቄያቸው ከ25 አናሳልፍም ብለውኛል፤ ግን በወረቀት ይሁን።

ቦታ የሚይዙልን እስከ መጪው ዓርብ ነው። የልደት የምስክር ወረቀቷንና የክትባት ካርዷን ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ሁለት ጉርድ ፎቶም ይፈልጋሉ። ሐሳባችሁ ከተለየ እስከ ረቡዕ ደውይልኝ፤ ካልደወልሽ ሐሙስ ጠዋት ሄጄ አስመዘግባታለሁ።

አባትሽ፣
ከጎንደር