አበበ በሶ ለበሰ፦ የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

"አበበ በሶ በላ" ሲባል ምንም አይሰማችሁም። "አበበ በሶ ለበሰ" ሲባል ግን ውስጣችሁ ያለ አንድ ነገር "እ?" ይላል። ክበባችን ዘንድሮ ሲያሳድድ የከረመው ይህችን "እ?" ነው።

መምህራን ማረፊያ ውስጥ ብዙ ተቀልዶብናል። "ሚኒ ሚዲያ በዕረፍት ሰዓት ዘፈን ይከፍታል፤ አካባቢ ጥበቃ ችግኝ ይተክላል፤ የእናንተ ክበብ ምን ይሠራል?" የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ስለዚህ ዘገባዬ ትንሽ ቢረዝም አትፍረዱብኝ።

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት ነው። ስለ ነርቭ ሳስተምር አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ቃል ስንሰማ ጭንቅላታችን ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ይታያል?" አለኝ። ይታያል አልኩት። ሐንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀዳው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ነው። ለኅትመት ያበቃው ግን በ1929 ነበር። ዛሬ ሐኪሞች ኢኢጂ የሚሉት መሣሪያ ከዚያ የመጣ ነው።

ለእኛ የሚጠቅመን ግን የ1980ው ሥራ ነው። ማርታ ኩታስና ስቲቨን ሂልያርድ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰዎችን አንድ አንድ ቃል እያስነበቡ አንጎላቸውን ቀዱ። ከዓረፍተ ነገሮቹ አንዱ፣ ሰውየው ትኩስ ዳቦ ላይ ካልሲ ቀባ የሚል ነው። "ካልሲ" የሚለው ቃል ከታየ 400 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ላይ መሣሪያው የሚስለው የአንጎል ኤሌክትሪክ መስመር ወደ ኔጌቲቭ ጎን አበጠ። ስሙም ኤን 400 ሆኖ ቀረ። "አበበ በሶ በላች" ዓይነት የሰዋስው ስህተት ሲሆን ደግሞ በሌሎች ቋንቋዎች ጥናት የታየው ሌላ ሞገድ ነው። እሱ ፖዘቲቭ ነው፤ የሚመጣውም 600 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው። ትርጉም ሲበላሽና ሰዋስው ሲበላሽ አንጎል የሚያኮርፈው ለየብቻ ነው ማለት ነው።

ይህን ለአማርኛ መምህሩ ስነግረው ዓይኑ በራ። "የእኛ ቋንቋ እኮ ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ ግሱ እስኪመጣ ማን ምን እንዳደረገ አይታወቅም!" አለኝና የዚያኑ ቀን ክበቡን ተቀላቀለ።

ከኅዳር እስከ የካቲት ሐሙስ ሐሙስ ተሰበሰብን። 120 ዓረፍተ ነገር ጻፍን፤ ግማሹ ቀና፣ ግማሹ ጠማማ። "ውሻው አጥንቱን አነበበው።" "እናቴ ቡናውን ቆልታ ወቅጣ ዘፈነችው።" አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ጠማማ ብሎ ያመጣው "ገንዘብ ያዡ ብሩን በላው" የሚል ነበር። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ይህ በአማርኛ ፍጹም ጤነኛ ዓረፍተ ነገር ነው ተብሎ ወደ ቀናዎቹ ተዛወረ።

ልጁ ጠማማውን ለመለየት የሚፈጅበትን ጊዜ በስልክ ሰዓት ለመለካትም ሞክረን ነበር። አልሆነም። ልጁ አንብቦ፣ ገብቶት፣ ጣቱ እስኪጫን አንጎሉ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። የኮምፒውተር ክፍላችንን ሁኔታ ታውቁታላችሁ፤ እሱን አላነሳም።

አሁን ወደ ሚያዝያ ልውሰዳችሁ። ፋሲካ አምስት ቀን ሲቀረው አንድ ሆስፒታል የኢኢጂ ክፍሉን ሊያሳየን ፈቀደ። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ 12 ተማሪ ብቻ ይዤ ሄድኩ። ሲስተር ስልካችንን አስጠፉን፤ የጠረጴዛውን መብራትም ከሶኬቱ ነቀሉት። የአንጎል ኤሌክትሪክ የሚለካው በማይክሮ ቮልት፣ ማለትም በቮልት ሚሊዮንኛ ነው። ግድግዳው ውስጥ ያለው የ50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚወዛወዝ የመብራት መስመር በቀላሉ ይጮህበታል።

"ማን ይቀመጣል?" አሉ ሲስተር። ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ "ሐሳቤን ቢያነብብኝስ?" ብሎ ወደ በሩ ተጠጋ። የተነሳችው ዓመቱን ሙሉ አምስት ቃል ያልተናገረች ልጅ ናት። የወላጅ ፈቃድ ይዛ መጥታለች። ግን ለበዓል አዲስ ሹሩባ ተሠርታለች።

"የኔ ልጅ፣ በሹሩባ አይሆንም። የራስ ቆዳሽን ማግኘት አለብን" አሏት።

ምንም አላለችም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና መፍታት ጀመረች። ሁለት ጓደኞቿ ከግራና ከቀኝ ገቡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሲስተር ጭንቅላቷን በሜትር ለክተው በቀይ እርሳስ ምልክት አደረጉ፤ 21 ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ከራስ ቆዳ የሚቀበሉ ትንንሽ ብረቶች፣ አንድ በአንድ በቅባት ለጠፉላት። "ቅቤ የምቀባ መሰለኝ" አለች።

እስክሪኑ ላይ መስመሮች ተደረደሩ። ዓይኗን ስታርገበግብ የግንባሯ መስመሮች ዘለሉ። "አሁን ጨፍኚ" አሏት። ከኋላ በኩል ያሉት መስመሮች ቀስ ብለው መወዛወዝ ጀመሩ፤ በሰከንድ አሥር ጊዜ ገደማ፣ እንደ ተበጠረ ፀጉር እኩል እኩል። "ክፈቺ" ሲሏት ጠፋ። "ጨፍኚ" ሲሏት ተመለሰ። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ።

ያኔ ዓይኗን እንደጨፈነች "አሁን ምን ይታያል? እኔ ብቻ እኮ ነኝ የማላየው" አለች።

እውነቷን ነው። ለማየት ዓይኗን ብትከፍት ሞገዱ ይጠፋል። ሃያ ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር ይህ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ሲስተር ያችን ገጽ አትመው ሰጧት፤ አሁን ላቦራቶሪያችን ግድግዳ ላይ ተለጥፋለች። መጥታችሁ እዩዋት።

ኤን 400ን ግን አላየንም፤ ይህን አልደብቅም። የአንድ ቃል ምላሽ በሌላው የአንጎል ሥራ ስለሚዋጥ በደርዘን የሚቆጠሩ ቃላት ቀድቶ አማካዩን ማውጣት ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ መቅጃው ቃሉ የታየበትን ቅጽበት መያዝ አለበት። የሆስፒታሉ መሣሪያ የተዘጋጀው ለሕመምተኛ እንጂ ለእኛ ውሻ አልነበረም። የውሻውን ዓረፍተ ነገር ለጨዋታ ስናነብላት በሳቅ ፈነዳች፤ የመንጋጋዋ ጡንቻ እስክሪኑን ጥቁር በጥቁር አደረገው።

በ31 አባል ጀምረን በ17 ጨርሰናል። የግቢያችን በር ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል፤ አምሮበታል። እኛ የምንጠይቀው ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ አንድ አነስተኛ የኢኢጂ መቅጃ፣ ኤሌክትሮድ፣ ቅባት እና መብራት ሲጠፋ አብሮ የማይጠፋ አንድ ላፕቶፕ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ የምትሠሩበት ቤተ ሙከራ አሮጌ መቅጃ ሊጥል ከሆነ ከመጣሉ በፊት አስቡን። 120ው ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ተቀምጧል።

የልጅቷ እናት በማግሥቱ ትምህርት ቤት መጡ። "ሹሩባውን ማን አስፈታው?" አሉ። እኔ ነኝ አልኩ። ከክበቡ ሣጥን 250 ብር አውጥተን ለፋሲካ እንደገና አሠራናት። ሒሳብ ክፍል እስከ ዛሬ ደረሰኝ አምጣ ይለኛል። ሹሩባ ሠሪዋ ደረሰኝ የላትም።