ድመታችንን ከሊሊ አበባ መርዝ ለታደጋችሁልን ሁሉ የቀረበ ምስጋና

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ለምትገኙ ወዳጆቻችንና ጎረቤቶቻችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ልዑል እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። በፋሲካ ማግስት ልናጣት ተቃርበን የነበረችው ድመታችን ጥጤ ድና ወደ ቤቷ ተመልሳለች።

የመጀመሪያው ምስጋናዬ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ለሚኖሩት እናታችን ይድረስልኝ። እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን በገቡበት ሰዓት የጥጤን ነጭ ጺም አተኩረው አይተው «ይህ ብርቱካንማ ነገር ምንድን ነው?» ባይሉ ኖሮ፣ እኔ እርድ የነካት መስሎኝ እንዳለፍኩት ይቀር ነበር። ወዲያው ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ነጭ ሊሊ ሄደው አንዱን ቅጠል ቀና ሲያደርጉት ጫፉ ተነክሶ ተገኘ። እኔ ግን ጠዋት ሁለት ጊዜ አስታውካ ጋብ ስላለላት ዳነች ብዬ ተረጋግቼ ነበር።

በእንስሳት ላይ የሚደርስ ጭካኔን የሚከላከለው የአሜሪካ ማኅበር፣ ኤኤስፒሲኤ፣ ሌት ተቀን በሚሠራው የእንስሳት መርዝ መስመሩ ላይ ያነጋገረችኝን ባለሙያም ከልብ አመሰግናለሁ። ለድመት የሊሊ ቅጠልና አበባ ብቻ ሳይሆን፣ ከጸጉሯ ላይ ስትልሰው የምትውጠው ብናኝና አበባው የተቀመጠበት ውኃ ጭምር መርዝ መሆኑን፣ ማስታወኩ ቢቆምም ኩላሊቷ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ሥራውን ሊያቆም እንደሚችል፣ ስለዚህም ሌላ ምልክት ሳልጠብቅ ወደ ሐኪም እንድሮጥ በእርጋታ ነገረችኝ። ሕክምናው ከ18 ሰዓት በላይ ከዘገየ ኩላሊትን ማትረፍ እጅግ አዳጋች መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው።

የእንስሳት ሐኪሞቻችን ብናኙን ከጸጉሯ አጥበው፣ ለሦስት ቀናት ያለማቋረጥ በደም ሥሯ ፈሳሽ እየሰጡ፣ ደሟን ደጋግመው መርምረዋል። በተለይ የሌሊቷን ረዳት ሐኪም መቼም አልረሳትም። ኩላሊቷ መሥራቱን የምናውቀው በሽንቷ ነበርና፣ «አሁንም ሸንታለች» የሚለውን አጭር መልእክት በየሰዓቱ ትልክልን ነበር፤ እኔና ልጆቼም እንቅልፍ አጥተን እርሱን እንጠብቅ ነበር። ለሕክምናው ወጪ የተባበራችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን።

አበባውን ይዛችሁልን የመጣችሁ ወዳጆቻችን ሆይ፣ በዚህ ነገር ፈጽሞ እንዳታዝኑ አደራ። ያመጣችሁት በፍቅር ነው፤ ድመት ላለበት ቤት አደገኛ መሆኑን እኛም አናውቅም ነበር። ከእንግዲህ ቤታችን የሚገባው ድመት የማይጎዳው ጽጌረዳ ወይም ኦርኪድ ነው። ይህን ለእህቴ ስነግራት አዲስ አበባ ያለው ግቢዋ ውስጥ ስላለው ኦሊያንደር ጠየቀችኝ፤ እርሱ ደግሞ ልብን የሚያውክ፣ ለድመት ብቻ ሳይሆን ለውሻና ለሰውም የሚያሰጋ በመሆኑ ከውሻዋ ማሰሪያ አጠገብ እንድትነቅለው ለምኛታለሁ።

እናታችን፣ ጥጤ የእግርዎን ኮቴ ከደረጃው ላይ ስትሰማ ዛሬም በሩ ሥር ቆማ ትጠብቅዎታለች፤ ቡናውም ተቆልቷልና እባክዎ ይምጡልን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የጥጤ ቤተሰብ